ወንድሜ ሲቪል ምህንድስና ካልገባሁ ይላል፤ ወጪውን ያወጣል ትላላችሁ?

እህቱ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ናችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ የማማክረው ሰው ስላጣሁ ነው፣ ታገሡኝ።

ጠባሴ ትንሽ ሱቅ አለኝ። እናትና አባቴ መሃል ሜዳ ናቸው፤ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ታናሽ ወንድሜን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እኔ ጋ አምጥቼ ነው ያስተማርኩት። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሲያልፍ እናቴ አልቅሳለች። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም ፈተና ወዲህ ማለፍ እንዴት እንደከበደ ታውቃላችሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ።

አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፍሬሽማን ዓመቱን ሊጨርስ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምህርት ክፍል መርጦ ፎርም ይሞላል። እሱ ሲቪል ነው፣ ሌላ አልፈልግም ብሏል። ገና ልጅ እያለ ሸዋ ሮቢት አጎታችን ጋ ስንሄድ ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስናልፍ፣ ይሄን ተራራ ማን በሳው ብሎ እስክንደርስ ድረስ የጨቀጨቀኝ እሱ ነው። ጣሊያን ነው ብዬው፣ እኛስ መቼ ነው የምንሠራው አለኝ።

የኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። በወር 2,000 ብር ለኪስ እሰጠዋለሁ፤ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ላፕቶፕ ያስፈልገኛል ብሎ ጠይቄ 45,000 ብር አሉኝ፤ አባቴ በሬ ልሽጥ እያለ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ በሲቪል የተመረቀ ልጅ አላት፤ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጦ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ሥራ ክቡር ነው፣ ባጃጅ መንዳቱን አልናቅኩም። ግን ለባጃጅ አምስት ዓመት መማር ለምን አስፈለገ? በየቀኑ ባየሁት ቁጥር የወንድሜ ፊት ይታየኛል።

በሙያው ውስጥ ያላችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ወጪው ስንት ነው፣ ገቢውስ?


የሞላሌ ልጅ

እህቴ፣ እኔ በ2009 ዓ.ም በሲቪል ተመርቄያለሁ። እስካሁንም ሳይት ላይ ነኝ።

መጀመሪያ የጎረቤትሽ ልጅ ለምን ሥራ እንዳጣ ልንገርሽ፣ ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስልሽ። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ተባለ። በየዓመቱ ብዙ ሲቪሎች አብረን ወጣን። መንገዱ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንድ ላይ ይገነቡ በነበረበት ጊዜ ገበያው ሰው ይፈልግ ነበር። በኋላ ጦርነቱ መጣ፣ ሥራዎች ቆሙ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ጣሪያ ነካ፤ በድሮ ዋጋ ውል የገባ ተቋራጭ በያዘው ሥራ ስለከሰረ አዲስ ሰው መቅጠር አቆመ። ተመራቂው ግን በየዓመቱ ይወጣል።

እኔ ራሴ 14 ወር ያለ ሥራ ቆይቻለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ከሞላሌ አዲስ አበባ መመላለስ፣ ዘመድ ቤት ማደር፣ ማመልከቻ ማስገባት፣ ተመልሶ መጥቶ ስልክ መጠበቅ። ሰው የዲግሪ ወጪ ሲባል አምስቱን ዓመት ብቻ ነው የሚቆጥረው። ለእኔ ከባዱ ወጪ ከተመረቅኩ በኋላ ያለው ዓመት ነበር፤ ቤተሰቤ አሁንማ ይረዳናል ብሎ በሚጠብቅበት ሰዓት እኔ የትራንስፖርት እጠይቃለሁ። ስለዚህ ለአምስት ዓመት ሳይሆን ለስድስት ዓመት ተዘጋጂ።

በመጨረሻ አንድ አነስተኛ ተቋራጭ ጋ ገባሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ እሱም አራት ወር ሳይከፈለን ቀረ። ካምፕ ውስጥ ሽሮ በዱቤ እየበላን ነው የሠራነው። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ተቋራጩ ገንዘብ የሚያገኘው የሠራው ሥራ ተለክቶ፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ተዘጋጅቶ፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ አይቶ ፈርሞ፣ የሥራው ባለቤት ሲለቅለት ነው። አንዱ ጋ ከተያዘ ሁሉም ይያዛል። እኛ ሳይት ላይ ደግሞ ልኬቱን በትክክል የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ አማካሪው በየወሩ ይመልሰዋል።

ሌሊት ሌሊት እየተቀመጥኩ ተማርኩት። ቴክ ኦፍ ማለትም ከፕላን ላይ የሥራውን መጠን ማውጣት፣ የፌሮ ብረት ዝርዝር፣ የክፍያ ሰነድ። ስድስተኛው ወር ላይ የመጀመሪያው ክፍያ በእኔ እጅ ተሠርቶ አለፈ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ አጥቼ አላውቅም። አንዱ ሳይት ሲያልቅ ሌላው ይደውላል። ዛሬ የማገኘው የመንግሥት ጀማሪ ከሚያገኘው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ከቤተሰብ ርቄ፣ አቧራና ፀሐይ ላይ፣ ያውም ፕሮጀክቱ እስካለ ድረስ። እዚህ ለመድረስ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል።


የወረዳ ባለሙያ

ከላይ ያለው ወንድሜ ስለ ግል አውርቷል፤ እኔ ስለ መንግሥት ልንገርሽ። በሰሜን ሸዋ አንድ ወረዳ የግንባታ ባለሙያ ነኝ።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 6,940 ነበር። 11,500 ሲባል ደስ ይላል፣ ሙሉው ግን እጅ አይገባም። በአዲሱ የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው እንደ መደቡ ከ15 በመቶ ይጀምርና እየጨመረ ይሄዳል። ለ11,500 ሲሠላ ግብሩ 2,100 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። የሚቀረው 8,595 ብር።

ከዚያ ላይ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ አለ። ብዙ ቤተሰብ መንግሥት በነፃ ነው የሚያስተምረው ብሎ ያስባል፤ አይደለም። ልጁ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ሥራ ሲይዝ ለመክፈል ውል ይፈርማል። ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። ይሄም 1,150 ብር ነው። በእጁ 7,445 ብር ይገባል ማለት ነው። ዕዳው ሳያልቅ ኦሪጅናል ዲግሪውን ማውጣት ስለማይችል፣ ዲግሪውን ቶሎ የሚፈልግበት ነገር ካለ ቀድሞ ያስብበት።

አሁን ያንቺን እናስላ። 2,000 ብር በዓመት ለ10 ወር፣ ለ4 ዓመት፦ 80,000 ብር። ላፕቶፑ 45,000። በጠቅላላው 125,000 ብር ከቤተሰብ ይወጣል። ወንድምሽ በዚህ ደመወዝ ከወር ወር 2,000 ብር ቢመልስልሽ አምስት ዓመት ከሁለት ወር ግድም ይፈጃል። እሱም የቤት ኪራይ ከፍሎ ከተረፈው ነው። እኔ ለአንዲት ክፍል 3,000 ብር እከፍላለሁ፤ ፋብሪካው በዝቶ ሠራተኛ ስለጎረፈ ኪራይ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይልም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ግን መንግሥት ቤት የማይታይ ነገር አለው። ደመወዝ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። የገጠር መንገድ፣ የጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት ግንባታ ስትቆጣጠሪ ልምድሽ ይቆጠራል፣ ከተለያየ ተቋራጭ ጋ ትተዋወቂያለሽ። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተው ወደ ግል የወጡ ጓደኞቼ አሁን የተሻለ ያገኛሉ። እኔ ያልወጣሁት እናቴ ስለታመመችብኝ ነው።


ኪያ

አይይ፣ ሶፍትዌር ይግባ በቃ። አሁን ዓለም ሁሉ ኮምፒውተር ነው፤ ሲቪል ጊዜው አልፏል።


የሞላሌ ልጅ

ኪያ፣ አባባልህ ገብቶኛል። ግን ልጁ የሚወደው ሲቪል ነው። የማይወደውን ትምህርት በግድ ተምሮ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና ቢወድቅስ? ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ 50 ነጥብ ካልመጣ ዲግሪ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ግቢ ተቀምጦ ባዶ እጅ መውጣት ከሁሉም የባሰ ኪሳራ ነው። ደግሞ ሶፍትዌር የተመረቀ ሁሉ ሥራ አገኘ ያለህ ማነው?


ጋሼ ፎርማን

ልጄ፣ እኔ ዲግሪ የለኝም። 31 ዓመት ግንባታ ላይ ነኝ። በቀን ሠራተኝነት አርማታ ተሸክሜ ነው የጀመርኩት፣ ከዚያ ፌሮ ማጠፍ ለመድኩ፣ ከዚያ ግንበኛ፣ አሁን ፎርማን። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያቆምኳቸው ፎቆች አሉ፤ ባጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አያቸዋለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ግልጽ ላድርግልሽ። በጋ ላይ፣ ሥራ በሚሞቅበት ወቅት፣ ከጀማሪ መሐንዲስ የበለጠ የማገኝባቸው ወራት ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ጥሩ ግንበኛ፣ ጥሩ ፌሮ ሠራተኛ ሥራ አያጣም። ዩኒቨርሲቲ ያልመጣለት ልጅ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ፣ ብቃቱን ተመዝኖ፣ ቶሎ እንጀራ ሊበላ ይችላል። ይሄን የምልሽ ሰው እንዳይንቀው ነው።

ግን ክረምት አለ። የእኛን አገር ብርድና ዝናብ ታውቂዋለሽ። ሰኔ ሲገባ ቁፋሮው በውኃ ይሞላል፣ መሠረቱ ይቆማል፣ የውስጥ ልስን ያለው ሰው ካልሆነ ሌላው ቤቱ ይቀመጣል። ወገብም አለ። እኔ 50 ዓመት አልፎኛል፤ ጠዋት ስነሳ ወገቤን ይዤ ነው። ታመሽ ከቀረሽ የሚከፈልሽ ነገር የለም።

ሌላው ደግሞ ፊርማ ነው። ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል ማለቴ ነው፣ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ልክ መሆኑን እኔ በዓይኔ አይቼ አውቃለሁ። ግን ይሞላ ብሎ የሚፈርመው መሐንዲሱ ነው። አንድ ጊዜ የዲዛይኑ ፌሮ አነሰ ብዬ ተናገርኩ። የሰማኝ የለም፣ ወረቀት የለህም ተባልኩ። አንድ ገና የተመረቀ ልጅ ግን ወረቀቱን አውጥቶ፣ ቁጥሩን ሠርቶ፣ ለአማካሪው በደብዳቤ ጻፈ፤ ሥራው ቆሞ ተስተካከለ። ልጁ ያኔ ከእኔ ያነሰ ነበር የሚያገኘው። ዛሬ የራሱ ደረጃ ያለው ተቋራጭ ነው፣ እኔም እሱ ጋ ነው የምሠራው። የተማረ ሰው መነሻው ዝቅ ይላል፣ ግን መንገዱ አይዘጋበትም። የኛ መንገድ ግን የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ እኔ የገዛ ሴት ልጄን ሲቪል ነው ያስተማርኩት። ግን በየክረምቱ ሳይት አወጣኋት። መጀመሪያ አለቀሰች። ኮንክሪት በ7 ቀንና በ28 ቀን ለምን እንደሚፈተሽ በመጽሐፍ ታውቃለች፣ ለፍተሻው የሚሞላውን የኮንክሪት ኪዩብ በእጇ ስትሞላና ላብራቶሪ ስትወስደው ነው ግን የገባት። ተመርቃ ሦስት ወር አልቆየችም፣ ተቀጠረች።

ወንድምሽ ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት ሳይት አይቶ ያውቃል?


የሮቢት ልጅ

እታለም፣ እኔ አዲስ አበባ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ። ሸዋ ሮቢት ነው ያደግኩት፣ አባቴ ማሾ ነጋዴ ነው። ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ ታላቅ እህቴን ነው ያየሁት፤ እኔንም እህቴ ናት ያስተማረችኝ።

በሬውን አሁን አትሽጡ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አብዛኛው ትምህርት ሒሳብ፣ ሜካኒክስ፣ የመሬት ቅየሳ ነው፤ ደብተርና ካልኩሌተር ይበቃዋል። ላፕቶፕ የግድ የሚሆነው ወደ ዲዛይን ኮርሶች ሲገባ ነው፣ ያኔም መጀመሪያ የግቢውን ኮምፒውተር ቤት ይጠቀም። እኔ የገዛሁት አራተኛ ዓመት ላይ ነው፣ ያውም ያገለገለ። ሲገዛ ግን ቆንጆ ቀለሙን አይቶ እንዳይገዛ፤ ኦቶካድና ኢታብስ የሚባሉትን የዲዛይን ፕሮግራሞች የሚሸከም፣ ሜሞሪው (ራሙ) ከፍ ያለ ይሁን። ብዙ ልጆች ርካሽ ገዝተው በሁለት ዓመት ጥለውታል።

ሁለተኛ፣ ኢንተርንሺፕ። አራተኛ ዓመት አካባቢ ለወራት ሳይት ይወጣሉ። ብዙ ልጅ ዘመዱ ያለበት ቢሮ ሄዶ ማህተም አስመትቶ ይመለሳል። ትልቅ ስህተት ነው። ያ ጊዜ በነፃ የሚገኝ ልምድ ነው። የሞላሌው ወንድሜ 14 ወር የፈለገውን ልምድ ማለት ነው። እኔ መንገድ ሥራ ላይ ሄድኩ፣ ሴት ነሽ ከብዶሽ ትመለሻለሽ ያሉኝ ነበሩ። አልተመለስኩም። የቀጠሩኝ እዚያ የተዋወቅኳቸው ሰዎች ናቸው። ወንድምሽ ሰሜን ሸዋ ውስጥ መራቅ ሳያስፈልገው ቦታ ያገኛል፤ ለሚ ላይ በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረቀው ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፣ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክና ዙሪያው ያሉት ፋብሪካዎች አሉ፣ የከተማው መንገድ ሥራም አለ። ከአሁኑ ያጠያይቅ።

ሦስተኛ፣ ኤክሴል። ሰው ስለ ኢታብስ ያወራል፣ እንጀራ የሚያበላው ግን ኤክሴል ነው። የክፍያ ሰነድ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የዋጋ ትንተና ሁሉ በእሱ ነው። አንድ ጀማሪ ለቃለ መጠይቅ ሲመጣ አለቃዬ ሁልጊዜ አንድ ፕላን ይሰጠውና የዚህን ግድግዳ ብሎኬት አስላልኝ ይለዋል። ከአሥሩ ሁለቱ ናቸው በሩንና መስኮቱን ቀንሰው የሚያሰሉት። እነዚያ ሁለቱ ይቀጠራሉ።

ሲቪል ካልደረሰውም አይዘን። ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት አለ፣ የውኃ ምህንድስናም አለ፤ ሳይት ላይ ጎን ለጎን ነው የምንሠራው።


እህቱ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሱቁን ዘግቼ ወንድሜን ጠርቼ አብረን አነበብነው። የወረዳው ባለሙያ ያሰላውን ወረቀት ላይ ጻፈው። 7,445 ሲል ዝም አለ። ስንት እንደሚከፈል አስቦበት አያውቅም ነበር፣ እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ፣ እኔ ካልሆንኩ ማን ይሠራዋል አለኝ። አሁንም ሲቪል ነው የሚለው።

አባቴ ጋ ደውዬ በሬውን እንዳይሸጥ ነግሬዋለሁ። በጣም ደስ አለው፣ ለእርሻም ያስፈልገው ነበር ለካ፣ ለእኛ ብሎ ነው ዝም ያለው።

ጋሼ ፎርማን፣ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ አያውቅም ነው። በውጭ ሲያልፍ ነው ያየው እንጂ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ውስጥ አሁን የሚሠሩበት ቦታ ካለ፣ ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት አንድ ቀን ቢውል ይቻላል? ክፍያ አንፈልግም።


ጋሼ ፎርማን

ይቻላል እንጂ ልጄ። ቅዳሜ የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ እንሞላለን። ሙሌት ከተጀመረ ስለማይቆም እስከ ማታ ነው፣ ምናልባት እስከ ሌሊት። ሙሌት ያለበትን ቀን ቢያይ ይሻለዋል፤ ሌላ ቀን ከመጣ ጥላ ሥር ቆሞ ይሄዳል። ከእኔ ጋር ይውላል፣ ሲሚንቶውንም ይሸከማል፣ ፌሮውንም ከመሐንዲሷ ጋር ይቆጥራል። ክፍያ አያስፈልግም ያልሽው አይሆንም፣ የሠራ ይከፈለዋል፣ እንደ ቀን ሠራተኛ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረስ። ወፍራም ሹራብ ይልበስ። ቦት ጫማ ከሌለው እኔ ጋ 42 ቁጥር አለ፣ ስንት ቁጥር እንደሚያደርግ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።